መጤው ዛፍ ቶርኖ ላይ ሲወጣ

ሰፈሩ ከጀርባው «ጋሽ አይሆንም» ይለዋል። ፊት ለፊቱ ግን «ጋሼ» ብቻ ነው፤ መሮ በእጁ ይዞ የሚውልን ሰው ማንም በቅጽል ስሙ አይጠራም። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። ለምን እንደወጣለት ግን እንጨት እያዞረ በሚቀርጽበት ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ግማሽ ጧት ቁጭ ያለ ሁሉ ያውቃል። አንዱ የጥድ ጣውላ ተሸክሞ ይመጣል። ባለ ቶርኖው ጣውላውን በጣቱ መገጣጠሚያ ቋ ቋ ያደርገዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ያሸተዋል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጭረዋል፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ቀና ብሎ «አይሆንም» ይላል። ጥድ ሙጫው ይበዛል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ወይራ እንኳ ጥሩ ነበር፤ ይሄኛው ወይራ ግን በችኮላ የደረቀ ነው፣ አይሆንም። ደንበኛው አንገቱን ደፍቶ ሊመለስ ሲል «ለማንኛውም አስቀምጠው» ይለዋል። ሰውየው ሌላ ቀን ሲመጣ ያ የማይሆን እንጨት ወገቡ ቀጥኖ፣ ትከሻው ሞልቶ፣ ተኳኩሎ የቆመ የወንበር እግር ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ ቃል ነው። ያኔ ወጣት ነበር፤ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እሷ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዛ መጣች። ስብራቱን አገላብጦ አየና አይሆንም፣ አይጠገንም አላት። «እንግዲያው የሚሆነውን ሥራልኝ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለችና ባለ ሦስት እግሩን ወንበር ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠችበት። እሱም አንድ ዓይኑን እንጨቱ ላይ፣ አንድ ዓይኑን እሷ ላይ አድርጎ አዲስ እግር በቶርኖ ቀርጾ አወጣ። ወንበሩ እስከ ዛሬ ቤታቸው አለ። አራተኛው እግር ከሌሎቹ ወፈር ይላል። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ሦስቱ ናቸው የቀጠኑት።

ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጡ። የእንጨት ቶርኖው ብቻ ሞተሩ ተነቅሎ፣ ዝናብ እየመታው ግቢ ውስጥ ቀረ። ባለ ቶርኖው ለምኖ ወሰደው፣ ዝገቱን ፈቅፍቆ ከአሮጌ ወፍጮ የተነቀለ ሞተር ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲነሳ እህል የሚፈጭ እየመሰለ ያጉረመርማል፤ ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ መዝፈን ይጀምራል። የቆመው በመንገዱ በኩል በር ባለው የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ ሚስቱ ከአባቷ የወረሰችው ስለሆነ ክፍሉ የእሷ፣ ጩኸቱ የእሱ ነው። እሱ ያወጣውን እሷ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለች፣ ዘይት ትቀባዋለች፤ ጥሩ ካልሆነም አፍ አውጥታ ትነግረዋለች።

አሁን ስለ ዛፉ እንናገር፤ የዚህ ሰው ታሪክ ያለዛፉ አይነገርምና።

ዛፉን ያመጡት አሸዋውን ያቁምልን ብለው ነው። ባለ ቶርኖው ልጅ ሳለ ነው፣ ችግኙ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ከከተማው ዳር በመስመር የተተከለው። እውነትም አሸዋውን አቆመ። ከዚያ ግጦሹን አቆመ። ከዚያ መንገዱን ይዞ አላሳልፍም አለ፣ ጉድጓዱን መጥጦ አደረቀ። ፍየሎች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በሄዱበት ሁሉ ዘሩለት። ቢቆርጡት ከጉቶው ብዙ ሆኖ ይነሳል፤ እሾሁ ጫማ አይመልሰውም። ሰዉ ትክክለኛ ስሙን ትቶ «መጤ» እያለ ይጠራዋል። እንዲህም ሆኖ፣ ድርቁ ምድሩን ሁሉ ገለባ ሲያደርገው እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ያን ጊዜ ለሚያየው ሰው የሚያናድድ ውበት አለው።

በከተማው ውስጥ መጤን ሲያይ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ጎሚስታው ነው። የጎማ መጠገኛ ቤቱ ከባለ ቶርኖው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ብስክሌት፣ ጋሪም ሆነ መኪና ሁሉ እሾህ ወግቶት ነው እሱ ደጃፍ የሚደርሰው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከባለ ቶርኖው በዕድሜ በጣም የሚያንስ ሰው ነው። ሌላው ሰው ዛፉን ሲረግም እሱ እያፏጨ ጎማውን ይነፋል። ባለ ቶርኖው ግን የረጋሚዎች ሁሉ አለቃ ነበር። ሻይ በሚጠጣበትም፣ ጸጉር በሚላጭበትም (የቀረችውን ያህል)፣ መጤ እንጨት እንዳልሆነ፣ ለማገዶ እንኳ የሚያሳፍር እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ማንም ጠይቆት አይደለም።

ችግሩ የመጣው አንድ ቀን ጋሪውን እየገፋ ጣውላ ሻጩ ዘንድ ሲሄድ ነው። ግንድ ይደረደርበት በነበረው ጥግ የብረት ቱቦና ችፑድ ቆሟል። ጣውላ ሻጩ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው እጁን አጣምሮ፣ ግንድ ጫኝ መኪኖቹ መምጣት እንዳቆሙ፣ ደን መቁረጥ እንደተከለከለ፣ ሰዉም ቢሆን አሁን የሚፈልገው የቱቦ አልጋ መሆኑን አስረዳው። ባለ ቶርኖው ችፑዱን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። እንደ ካርቶን ድምፅ ሰጠው። የተለመደ ፍርዱን ፈርዶ ወጣ። ባዶ ጋሪ ግን ከሙሉ ጋሪ እንደሚከብድ የዚያን ቀን አወቀ።

ቤት ያለችውን እንጨት እየቆጠበ ሠራት። ከዚያ ፍልጥ፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ሆነና አለቀ። ቶርኖው ዝም አለ። ዝምታው መጀመሪያ የተሰማው ለጎሚስታው ነው፤ በግድግዳው በኩል ለዓመታት የለመደው ዘፈን ቀረበት። አንድ ቀን እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሚስትየዋ ዘንድ መጣና «እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» ብሎ ጀመረ። ሥራው እንደሰፋ፣ ኮምፕረሰሩ ውጭ ፀሐይ እየበላው እንደሆነ፣ ያ ክፍል የሚከራይ ከሆነ ከሌላ ሰው በፊት እሱ እንዲታሰብ ለመናት። ልመናው ጨዋ ነበር። የባሰውም ነገር እሱ ነው፤ ጨዋ ልመና ላይ በር አይዘጋም።

እሷ ባሏን ጠርታ ነገሩን ቁርጥ አደረገችው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚነፍሰው የአሸዋ ነፋስ እስኪያልፍ ትታገሳለች። ነፋሱ ሲያልፍ ቶርኖው እየዞረ ካገኘችው ክፍሉ የእሱ ነው። ዝም ብሎ ካገኘችው ክፍሉ ለጎሚስታው፣ ቶርኖውም ለቁራጭ ብረት ነጋዴው። ባለ ቶርኖው ቀና ብሎ አያት። እየቀለደች አልነበረም።

በማግስቱ ጎሚስታው በሩ ላይ ተደግፎ ያጽናናው ጀመር። ማጽናናቱም እንዲህ ነበር፦

«ጋሼ፣ ግድ የለም፤ እኔ ዘንድ ሥራ አታጣም። ጎማ ትነፋልኛለህ። ትንፋሽ እንደሆነ አላነሰህም።»

«ሂድ ወደዚያ፣ አንተ ጎረምሳ።»

«እኔኮ የሚገርመኝ፣ እንጨት አጣሁ ትላለህ። ከበርህ ጀምሮ እስከ አድማስ የቆመው ምንድን ነው?»

«እሱ እንጨት አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እልህ ነው። እሾህ ያበቀለ እልህ። እሱ ቶርኖ ላይ ወጥቶ ዕቃ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የባለ ቶርኖው ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የዚያን ቀን ደግሞ አፉ አመለጠ። ጎማ ሊያሠሩ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ጎሚስታውም በግድግዳው ዳር የበቀለውን መጤ በቅርቡ አስቆርጦ ከምሮት ስለነበር፣ ክምሩ ይኸው፣ እንይ አለ። ባለ ቶርኖው ወጣ። ክምሩን ዞረው፣ ከዚህም ከዚያም ነካካና አንዲት ጠማማ፣ ጉጠታም፣ ልጣጯ ወደ ውስጥ የገባ ቅርንጫፍ መርጦ ገባ። ሰዉ በሩን ሞላው። ቅርንጫፏን ቶርኖው ላይ ወጥሮ ሞተሩን አስነሳው። መሮው ገና ሲነካት ተንቀጠቀጠች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ከመሐል ለሁለት ተከፈለች። አንደኛው ፍልጥ በበሩ ተፈናጥሮ ወጥቶ ጎሚስታው ደጃፍ የተሰቀለውን ጎማ መታና ነጥሮ ተመለሰ።

«አላልኩም?» አለ ባለ ቶርኖው።

ብሎ ነበር። ሁሉም መሰከረለት። ትከሻውን እየነካኩ፣ የእሱን ዓይን የሚያህል የእንጨት ዓይን እንደሌለ እየተናገሩ ተበተኑ። ጎሚስታው ራሱ እጁን ዘርግቶ ተሸነፍኩ አለው፤ አለውና፣ ክፍሉን በዓይኑ ከጥግ እስከ ጥግ ለካ አደረገው። ባለ ቶርኖው ይህን አላየም። በሬው ሣሩን ብቻ ነበር ያየው።

ገደሉን ያሳየችው ሚስቱ ናት። ሰጋቱራውን እየጠረገች ነበር የተናገረችው፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«እንኳን ደስ ያለህ። አንተ ልክ ሆንክ፣ እኔም ክፍሌን አከራየሁ።»

«እንጨቱ አይሆንም፤ ምን ላድርግ?»

«ክምሩ ውስጥ ጭን የሚያህል ቀጥ ያለ ግንድ ነበር። እጅህ ዘሎት ሲያልፍ አይቻለሁ።»

«ልቡን ነቀዝ በልቶታል ብዬ ነዋ።»

«አንኳኳኸው?»

ባለ ቶርኖው የተሰበረችውን ፍልጥ ከወለሉ አነሳ። በዕድሜው ብዙ ነገር አጥፍቷል፤ እንጨት ሳያንኳኳ ፈርዶ ግን አያውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን «አይሆንም» ሲል ጆሮው ሰምቶ ነው። ይህችን ግን የመረጣት እንድትሰበርለት ነው። ሆድ ያውቀዋል። ሚስቱም የዚያን ሆድ ቋንቋ ከባለቤቱ በላይ ታውቃለች።

ጎሚስታው ክምሩን በዚያው ቀን ለማገዶ አስወስዶት ስለነበር ያን ቀጥ ያለ ግንድ ማግኘት አልተቻለም። ስለዚህ ባለ ቶርኖው ገና ሳይነጋጋ ጋሪውን ይዞ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ጎረቤት እንዳያየው ዞሮ በጓሮ በኩል ወጣ። የሄደው ከከተማው ውጭ፣ የደረቀው ወንዝ ዳር ነው። እዚያ እሱ ልጅ ሳለ የተተከሉት የመጀመሪያዎቹ ዛፎች አሁንም አሉ። አንድ ከሰል አክሳይ እየቆረጠ ያከስላቸዋል። ባለ ቶርኖው ከሩቅ ሲያያቸው ቆም አለ። ከተማ ውስጥ የሚያውቀው መጤ ቁጥቋጦ ነው፣ ጉልበት የሚጭር። እነዚህ ግን ግንዳቸው እንደ ሽማግሌ ክንድ የተጠማዘዘ፣ ቅርፊታቸው የተሰነጣጠቀ፣ ጥላቸው ሰፊ ነበር። እሱና እነሱ አብረው ነው ያደጉት። ሊጠይቃቸው መጥቶ ግን አያውቅም።

ከሰል አክሳዩ ጥቁር ፊቱን ጠራርጎ ምን እንደፈለገ ጠየቀው። ባለ ቶርኖው ለከሰል ነው ሲለው፣ ከሰል ከፈለገ የከሰለውን እንዲገዛ መከረው። አንድ አጠር ያለ ወፍራም ግንድ ጋሪው ላይ እያንከባለለለትም፣ ሲቆርጠው አፍንጫውን እንዲሸፍን፣ ትቢያው ሰው እንደሚያስነጥስ፣ እሾህ ከወጋው ቦታው ለቀናት እንደሚያብጥ ነገረው። የዳሩን ቢጫ እንጨት ነቀዝ ይወደዋል፤ የመሐሉን ጠቆር ያለውን ግን ንክች አያደርገውም አለው። ይህን ሲሰማ ባለ ቶርኖው ጎንበስ አለና ግንዱን በጣቱ አንኳኳው።

ድምፁ አጭርና ጥርት ያለ ነበር፤ የተዘጋ በር ሳይሆን ሰው ያለበት ቤት በር የተንኳኳ ያህል። ደግሞ አንኳኳው። ከሰል አክሳዩ ሰውየው ጤነኛ መሆኑን ተጠራጠረ።

ግንዱን በሸራ ሸፍኖ መንገዱን ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የጋሪው አንድ ጎማ ፉስስ አለ። ቢነፋው አይነፋም፤ ቢገፋው አይገፋም። በከተማው ጎማ የሚጠግነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ባለ ቶርኖው የተነፈሰውን ጎማ እየጎተተ፣ ሸራውን ደጋግሞ እያጠባበቀ ጎሚስታው ደጃፍ ደረሰ። ጎሚስታው ስለ ሸራው አንድም ነገር አልጠየቀም። ጎማውን ፈታ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ በጉጠት አንዲት ረጅም እሾህ ነቅሎ አወጣና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እንደ ዘመድ አያት።

«ጋሼ፣ የሸፈንከው ጭነት ምንድን ነው አልልህም። የዚህችን ዘመዶች ግን አውቃቸዋለሁ።»

«ድንጋይ ነው» አለ ባለ ቶርኖው።

«እሾህ ያለው ድንጋይ» አለ ጎሚስታው፤ ጎማውንም እያፏጨ ነፋው።

ባለ ቶርኖው የክፍሉን በር ዘግቶ ግንዱን በመጋዝ ከፈለው። ከዚያ መጋዙን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ከዳር ቀጭን ቢጫ ቀለበት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ ይጀምራል። ልቡ ቡናማ ነው ሊሉት ይችላሉ፣ ቀይ ነው ሊሉትም ይችላሉ። ከውጭ እንዲህ ግራጫ፣ እንዲህ ሻካራ፣ እንዲህ የተጠላ ነገር፣ ውስጡ የተዳፈነ ፍም ነበር። ከሁሉ የገረመው ደግሞ ሽታው ነው፤ ጣፋጭ፣ የደረቀ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የሰጋቱራ ሽታ እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሁሉንም አስረሳው።

ቶርኖው ላይ አወጣው። መሮው መጀመሪያ ላይ እምቢ አለ፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ስለቱን ቶሎ ያደነዝዘዋል፣ አሥር ጊዜ ወደ መሳያው ድንጋይ መመለስ ነበረበት። ሲስለው ግን ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ፣ እየረዘመ፣ እንደ ሪባን እጁ ላይ እየወረደ ይወጣ ጀመር። ትቢያው አፍንጫው ውስጥ የገባውም ያኔ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል፤ ዛፉን ቂም ይዞበታል፣ ሥራውንም የሚሠራው በስርቆት ነው። አነጠሰ።

«ይማርህ ጋሼ» አለ ከግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ።

ደግሞ አነጠሰ።

«ይማርህ። ምን ሆንክ?»

«ጉንፋን ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

ባለ ቶርኖው አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ቀጠለ።

ያወጣው ጎድጓዳ ሳህን ነው። እርጥብ እንጨት የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ እንደሚያደርገው ወፍራም አድርጎ አወጣውና መደርደሪያ ላይ አኖረው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ጠርዙ ይነሳል፤ ከዚያ ነው ዳግመኛ ቶርኖ ላይ ወጥቶ የሚቃናው። ወይራ ቢሆን ከጥቂት ቀን በኋላ እንቁላል ይመስላል። ባህር ዛፍ ቢሆን ቋ ብሎ ጮሆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጧት ጧት ካሊፐሩን፣ ያን መንጋጋ ያለውን መለኪያ፣ ይዞ እየመጣ ሳህኑን አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በጎኑ ይለካው ጀመር።

ሳህኑ ንቅንቅ አላለም።

ባለ ቶርኖው ይህን ሲያይ የጠረጠረው ካሊፐሩን ነው። የሻይ ብርጭቆ ለካበት፤ ልክ ነው። የበር መቀርቀሪያ ለካበት፤ ልክ ነው። አውራ ጣቱን ለካበት፤ እሱ ብቻ ትንሽ አብጦ ነበር፣ እሾህ ወግቶታል። ካሊፐሩ ከጥፋት ነጻ ሲሆን ጥርጣሬው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሳህኑን በድብቅ ውሃ እያርከፈከፈችበት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ውሃ የምታጠጣቸው ብዙ ነገሮች እንዳሏት፣ ሳህን ግን አንዱ እንዳልሆነ መለሰችለት። የደረቀ እንጨት ደግሞ ይቀላል፤ ሳህኑም በእርግጥ እየቀለለ ሄዷል። ደርቋል ማለት ነው። ደርቆም ክብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ውሃው ሁሉ ከውስጡ ወጥቶ መልኩ ሳይለወጥ መቅረት፣ ይህ ለእንጨት ብቻ ሳይሆን ለሰውም ከባድ ነገር ነው።

እሱ ግን ምን እየተመኘ እንደሚለካው አያውቅም ነበር። ሳህኑ ቢሰነጠቅ ቃሉ ይቆማል፣ ክፍሉ ይሄዳል። ባይሰነጠቅ ክፍሉ ይቆማል፣ ቃሉ ይሄዳል። አንዳንድ ጧት በሩን ሲከፍት ይሰነጠቅ ብሎ ይጸልያል፤ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ልቡ ድንግጥ ብሎ ሁለቱንም እጁን ይዘረጋል፣ የሚወድቅ ሕፃን የሚቀበል ይመስል።

የአሸዋው ነፋስ እየደከመ ሄዶ አንድ ጧት ቆመ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ። ባለ ቶርኖው ያን ጧት ሳህኑን ዳግመኛ ቶርኖው ላይ አውጥቶ አሳሳው፣ ሚስቱም ዘይት ቀባችው፤ ዘይቱ ሲነካው ያ ቀለም እንደገና ተቀጣጠለ። በአንድ በኩል፣ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ጠባብ ስንጥቅ አለች፤ ዛፉ በቁሙ ሳለ የነበረች ናት። ሊደፍናት አስቦ ነበር። ሚስቱ ተዋት አለችው።

ዘይቱ ሳይደርቅ ጎሚስታው መለኪያ ሜትሩን ይዞ ገባ። ከኮምፕረሰሩ ውጭ የጎማ መደርደሪያም ሊያስገባ ስላሰበ፣ ክፍሉን ለካ ለካ ላድርግ ብሎ ነው። ሚስትየዋ መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጎሚስታው የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ አስነክቶ እያፈገፈገ ሲመጣ ጀርባው ከመደርደሪያው ጋር ተጋጨ። ዞረ፤ ሳህኑን አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነሳው። አገላበጠው፣ በወፍራም ጣቱም አንኳኳው።

«ወይራ ነው?»

ይህች ጥያቄ ከሰማይ የወረደች ስጦታ ነበረች። ራስን ወደ ታች ማወዛወዝ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ቃሉም ይድናል፣ ክብሩም ይድናል። ለሌላው ነገር በኋላ ይታሰብበታል። ባለ ቶርኖው አፉን ከፈተ። የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ። ሚስቱን አላያትም፤ መጥረጊያው መቆሙን ግን ጀርባው ሰማ።

«መጤ ነው» አለ።

«የኔ ዛፍ?»

«ያንተ ዛፍ።»

ጎሚስታው ሳህኑን ወደ ብርሃን አዙሮ ደግሞ አየው። መሳቅ ይችል ነበር፤ ለዓመታት የሚሆን ሳቅ እጁ ላይ ነበር። ጠጋ ብሎ የባለ ቶርኖውን ፊት ተመለከተ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንህን ልየው። እንደ መሐላህ ከሆነ ግንባር ሆኖ መገኘት ነበረበት።»

«በቦታው ነው።»

«አዎ፣ በቦታው ነው። ትንሽ ግን አልቅሷል።»

«ትቢያው ነው» አለ ባለ ቶርኖው። እውነትም ትቢያ ሊሆን ይችላል።

ሚስትየዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አቆመች። የሜትሩን ጫፍ ከግድግዳው አንስታ እየጠቀለለች መጣችና ጎሚስታው እጅ ላይ አኖረችው። ክፍሉ መያዙን ነገረችው። እሱም ያዘነ አልመሰለም። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰዉ ሁሉ መጤ ዕቃ እንደሚሆን ካወቀ ዛፉ ተቆርጦ ቢያልቅ፣ ጎማ ወጊው ከወዴት ሊመጣ ነው? በዚህ ጊዜ አጽናኙ ባለ ቶርኖው ሆነ። ከአንድ ጉቶ ስንት እንደሚነሳ፣ ዛፉን መጨረስ ለልጅ ልጆቻቸውም እንደማይቻል፣ ደግሞም ግንዱን የሚያመላልሰው የራሱ የባለ ቶርኖው ጋሪ ጎማ መንገድ ላይ መተንፈሱ እንደማይቀር አስረዳው። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ሁሉ ነገር ግን ማር አልሆነም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የአልጋ ቋሚ ለማሠራት መጣች፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ድሮ እሱ የሚታወቅበትን ዓይነት። ባለ ቶርኖው ከመጤው ግንድ የተረፈውን ቁራጭ አንስቶ አሳያት። ከክንድ የሚረዝም ቀጥታ የለውም፤ የሚረዝመውም ይጠማዘዛል፣ ልቡ ውስጥ ልጣጭ ይደብቃል። ለአልጋ ቋሚ አይሆንም አላት፤ ይህን ጊዜም አንኳኩቶ ነው። ሴትየዋ ስትሄድ ትንሽ ቆዝሞ ተቀመጠ። የእጁ ኩራት ረጅም ነገር ነበር። አሁን ያ እጅ በዚህ ዕድሜው አጭር አጭሩን ሊማር ነው፤ ሙቀጫ፣ የመሳቢያ እጀታ፣ የመዶሻ እጀታ፣ ሳህን።

ሳህን ሲል ወደ መደርደሪያው ቀና አለ። የለም። በጓሮ በኩል ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ሳህኑ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሽንኩርት ሞልታበታለች። ባለ ቶርኖው ሳህኑ የሙከራ ሳህን እንደሆነ፣ ገና ጧት ጧት መለካት እንዳለበት፣ በእንጨት ላይ በአንድ ወቅት ብቻ ፍርድ እንደማይሰጥ አጥብቆ አስረዳ።

«ማን ከለከለህ?» አለችው፤ አንዱን ሽንኩርት አንስታ መላጥ ጀመረች። «እስከነሽንኩርቱ ለካው።»